ብርሃን አሰባሳቢ መስኮት፦ ከብቃቱ መቶኛ ይልቅ ዕድሜው ይቅደም

መግቢያ

በአዲስ አበባ ከተሠሩት አዳዲስ ረጃጅም ሕንፃዎች ብዙዎቹ ገጻቸው ከታች እስከ ላይ በመስታወት የተሸፈነ ነው። ከቀትር በኋላ ወደ ምዕራብ በሚያየው ክፍላቸው ከመስታወቱ ጀርባ መጋረጃ ተጋርዶ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ የኤሌክትሪክ መብራት በርቶ ማየት የተለመደ ነው። የሕንፃው ባለቤት ብርሃን ለማስገባት መስታወት ገዝቷል፤ ያው ብርሃን ሲበዛ ለመከልከል መጋረጃ ገዝቷል፤ መጋረጃው ያጨለመውን ለማብራት ደግሞ በየወሩ ይከፍላል። ትርፉን ብርሃን እዚያው መስታወቱ ላይ ይዞ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ቁስ ቢገኝ ይህ ድግግሞሽ በከፊል ይቃለል ነበር።

ሉሚነሰንት የፀሐይ ብርሃን አሰባሳቢ የሚባለው ቴክኖሎጂ (ከዚህ በኋላ «አሰባሳቢ») የሚያቀርበው ተስፋ ይኸው ነው። ቴክኖሎጂው ከሕንፃ አካል ጋር በተዋሐደ ፎቶቮልታይክ ዘርፍ ውስጥ ብዙ የሚጠናና ብዙ የሚጻፍበት ሆኗል። አብዛኛው ጥናት የሚያተኩረው አዲስ አብሪ ቁስ በመፈልሰፍና ከፍ ያለ የብቃት መቶኛ በማስመዝገብ ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ሌላ ነው። ለመስኮት የታሰበ ቁስ መጀመሪያ መመዘን ያለበት በስንት መቶኛ ብቃቱ ሳይሆን፣ በእውነተኛ ፀሐይ ሥር ስንት ዓመት በመቆየቱ ነው። ይህን ጥያቄ ለመመለስ ደግሞ ውድ ቤተ ሙከራ የሌላቸው፣ ነገር ግን ብርቱ ፀሐይ ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች የተሻለ ዕድል አላቸው።

አሠራሩና የሐሳቡ አመጣጥ

አሰባሳቢው በመርሕ ደረጃ ቀላል ነው። ብርሃን አሳላፊ በሆነ የአክሪሊክ ወይም የመስታወት ሰሌዳ ውስጥ ጥቂት አብሪ ቁስ ይበተናል። ቁሱ የፀሐይ ብርሃንን መጥጦ በረጅም የሞገድ ርዝመት መልሶ ይለቀዋል። የሰሌዳው የብርሃን ስብረት ጠቋሚ 1.5 ገደማ ስለሆነ፣ ከተለቀቀው ብርሃን ሦስት አራተኛ የሚሆነው በሙሉ ውስጣዊ ነጸብራቅ ተይዞ ወደ ሰሌዳው ጠርዝ ይጓዛል። ቀሪው አንድ አራተኛ ከ42 ዲግሪ ባነሰ ማዕዘን ገጹን ስለሚመታ ያመልጣል። በጠርዙ ላይ የተለጠፉ ቀጫጭን የፀሐይ ሴሎች የደረሳቸውን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጡታል። ሴሎቹ በአልሙኒየም ፍሬሙ ውስጥ ስለሚደበቁ መስኮቱ መስኮት ሆኖ ይቀጥላል።

አሰባሳቢው ከሌንስና ከመስታወት ማጉያዎች የሚለይበት አንድ ትልቅ ጠባይ አለው። ፀሐይን እየተከተለ መዞር አያስፈልገውም፤ በደመና ተበትኖ ከየአቅጣጫው የሚመጣን ብርሃንም ይቀበላል። ግድግዳ መዞር አይችልምና ይህ ጠባይ ለሕንፃ ገጽ ተስማሚ ያደርገዋል።

ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1976 በጽሑፍ ያቀረቡት በፎርድ ኩባንያ የምርምር ክፍል የነበሩት ዌበርና ላምብ ናቸው። በማግስቱ ዓመት ገትዝበርገርና ግሮይበል በጀርመን ተመሳሳይ ጥናት አወጡ፤ ገትዝበርገር በኋላ በ1981 በፍራይቡርግ የፍራውንሆፈር የፀሐይ ኢነርጂ ኢንስቲትዩትን መሥርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1979 የአሰባሳቢውን ንድፈ ሐሳብና የመለኪያ ስልት በዝርዝር ካስቀመጡት ሦስት ሰዎች አንዱ፣ በ1999 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ግብጻዊው ተወላጅ አሕመድ ዘዌይል ናቸው። ሐሳቡ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ወይም ሞልቶት ሳለ፣ በተራ ሕንፃ ላይ እምብዛም አለመታየቱ ራሱ መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ነው።

የ7.1 በመቶው ሪከርድ ሲመረመር

በዘርፉ በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው አኀዝ እ.ኤ.አ. በ2008 ስሎፍና ባልደረቦቻቸው ያስመዘገቡት የ7.1 በመቶ የኃይል ልወጣ ብቃት ነው። አኀዙ እውነተኛ ነው፤ ሥራውም የሚደነቅ ነው። ሆኖም ናሙናው ምን ይመስል እንደነበር መመልከት ያስፈልጋል። ሰሌዳው 5 ሴንቲ ሜትር በ5 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱም ግማሽ ሴንቲ ሜትር ነበር። በጠርዞቹ የተለጠፉት ሴሎች ከተለመደው ሲሊኮን እጅግ የሚወደዱት የጋሊየም አርሰናይድ ሴሎች ነበሩ። ከሰሌዳው በስተጀርባ ደግሞ ብርሃንን የሚመልስ ነጭ ገጽ ተደርጎ ነበር። ነጭ ጀርባ ያለው ሰሌዳ የኋላውን አያሳይምና መስኮት ሊሆን አይችልም።

መጠኑም ቢሆን ቀላል ጉዳይ አይደለም። የአንድ ካሬ ሰሌዳ የገጽ ስፋት ከጠርዞቹ ጠቅላላ ስፋት ጋር ያለው ንጽጽር የሚገኘው የጎኑን ርዝመት ለውፍረቱ አራት እጥፍ በማካፈል ነው። ለሪከርዱ ናሙና ይህ ንጽጽር 2.5 ነው። ጎኑ 1 ሜትር፣ ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር ለሆነ መስኮት ግን 50 ይሆናል። ብርሃኑ እስከ ጠርዝ የሚጓዘው ርቀትም በዚያው መጠን ይረዝማል። በዚህ ጉዞ ላይ ሌላ አብሪ ሞለኪውል ቢያገኘው ዳግም ይመጠጣል። የቁሱ የኳንተም ውጤታማነት 95 በመቶ ቢሆንና በየልቀቱ 75 በመቶው ብቻ ቢያዝ፣ ከአንድ ልቀት የሚተርፈው 71 በመቶ፣ ከሁለት 51 በመቶ፣ ከሦስት ደግሞ 36 በመቶ ብቻ ነው። በትንሽ ናሙና የማይታየው ይህ ኪሳራ በሜትር ስፋት ላይ ወሳኝ ይሆናል።

ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። አንዳንዱ ጥናት የሚዘግበው የኤሌክትሪክ ብቃትን ሲሆን፣ ሌላው ጠርዝ ላይ የደረሰውን የብርሃን ኃይል ብቻ ይዘግባል። ሁለቱ በአንድ ሰንጠረዥ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንባቢው ይሳሳታል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2015 ከከባድ ብረት ነፃ በሆኑ ኳንተም ዶቶች ተሠርቶ 3.2 በመቶ የተባለው ባለ 12 ሴንቲ ሜትር ሰሌዳ ውጤት የኦፕቲካል ብቃት እንጂ የኤሌክትሪክ አይደለም። ችግሩ የዘርፉ ሰዎችም የተረዱት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በርካታ ተመራማሪዎች ስለ አዘጋገብ ሥርዓት የጋራ መግለጫ በጁል መጽሔት ላይ ማውጣታቸው ይህን ያሳያል።

አራት የቁስ ቤተሰቦች

በአሁኑ ጊዜ ለአሰባሳቢ የሚታጩት አብሪ ቁሶች በአራት ቤተሰብ ሊመደቡ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ቤተሰብ የኦርጋኒክ ማቅለሚያዎች ነው። ከእነዚህ የታወቀው በንግድ ስሙ ሉሞጅን ቀይ 305 የሚባለው የፔሪሊን ማቅለሚያ ነው። የኳንተም ውጤታማነቱ ከ95 በመቶ በላይ ነው፤ በአክሪሊክ ውስጥም በደንብ ይሟሟል። ሁለት ጉድለቶች አሉት። የሚመጥጠውና የሚለቀው ብርሃን በከፊል ስለሚደራረብ ድጋሚ መመጠጥ ይበዛል፤ መስኮቱንም ደማቅ ቀይ ያደርገዋል። ቀይ ብርሃን ባለበት ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ መሥራት የሚወድ ሰው ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ቤተሰብ የኳንተም ዶቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የሚላኖ ቢኮካ ዩኒቨርሲቲና የሎስ አላሞስ ተመራማሪዎች የካድሚየም ሴሌናይድ እምብርት በወፍራም የካድሚየም ሰልፋይድ ቅርፊት ተሸፍኖ የመምጠጫና የመልቀቂያ ሞገዱ እንዲራራቅ በማድረግ ድጋሚ መመጠጥን በእጅጉ ቀነሱ። ይሁን እንጂ ካድሚየም መርዛማ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በኤሌክትሪክና በኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ውስጥ በክብደት ከ0.01 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቦታል፤ በቋሚነት የሚተከሉ የፀሐይ ፓነሎችን ከገደቡ ነፃ ቢያወጣም፣ ተሰብሮ ወደ ቆሻሻ መጣያ የሚሄድ የመስኮት ስብርባሪ ጉዳይ በዚህ አይዘጋም። ከመዳብ፣ ከኢንዲየምና ከሰልፈር ወይም ከሴሌኒየም የሚሠሩት ዶቶችና እ.ኤ.አ. በ2017 የቀረቡት የሲሊኮን ዶቶች ይህን ስጋት ያስወግዳሉ። ቀለማቸውም ወደ ቡናማነት ወይም ወደ ግራጫነት ስለሚያደላ ከተለመደው ባለቀለም መስታወት ብዙ አይለይም።

ሦስተኛው ቤተሰብ ለዓይን የማይታየውን ብርሃን ብቻ የሚመጥጡ ቁሶች ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የነሪቻርድ ለንት ቡድን ኢንፍራሬድን የሚመጥጥና ከሚታየው ብርሃን 86 በመቶ ያህሉን የሚያሳልፍ ሰሌዳ ሠርቷል። ብቃቱ 0.4 በመቶ ነበር። ዓይን የሚያየውን ብርሃን ሳይነኩ ማሳለፍ ማለት ከፀሐይ ኃይል ትልቅ ድርሻ አስቀድሞ መተው ነውና ይህ አያስገርምም።

አራተኛው በይተርቢየም የዳበሩ ፔሮቭስካይቶች ቤተሰብ ነው። እነዚህ አንድ የአልትራቫዮሌት ወይም የሰማያዊ ፎቶን መጥጠው ሁለት የኢንፍራሬድ ፎቶኖች ሊለቁ ስለሚችሉ፣ የኳንተም ውጤታማነታቸው ወደ 200 በመቶ የተጠጋ ሆኖ ተዘግቧል። ልቀታቸው በ980 ናኖ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ሲሊኮን በሚገባ ይቀበለዋል፤ ድጋሚ መመጠጥም የለም ማለት ይቻላል። በወረቀት ላይ ከሁሉም የሚልቁት እነዚህ ናቸው። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ እርሳስ ይይዛሉ፤ እርጥበትም የፔሮቭስካይት የታወቀ ጠላት ነው።

የተዘነጋው መለኪያ

በእነዚህ አራት ቤተሰቦች ላይ የሚወጡ ጽሑፎች ስለ ብቃት፣ ስለ ቀለምና ስለ ድጋሚ መመጠጥ በሰፊው ያትታሉ። ስለ ዕድሜ የሚሰጡት ቦታ ግን ብዙ ጊዜ አንድ አንቀጽ ወይም አንድ ግራፍ ነው፤ ግራፉም የሚለካው በሰዓታት ወይም በሳምንታት ነው። የአንድ ሕንፃ መስኮት ግን ቢያንስ ሃያ ዓመት እንዲያገለግል ይጠበቃል። ተራ የሲሊኮን ፓነል እንኳን የሚሸጠው በ25 ዓመት የምርት ዋስትና ነው።

ቁሶቹ የሚደበዝዙበት ምክንያት በደንብ ይታወቃል። ብርሃን የመጠጠ የማቅለሚያ ሞለኪውል ጉልበቱን ለኦክስጅን ሲያስተላልፍ እጅግ አጥቂ የሆነ የኦክስጅን ዓይነት ይፈጠራል፤ እርሱም ተመልሶ የሞለኪውሉን ድርብ ትስስሮች ይበጥሳል። ፕላስቲክ ኦክስጅንን በዝግታ ያሳልፋልና ከውስጡ ያለ ማቅለሚያ ከዚህ ጥቃት አይድንም። በኳንተም ዶት ላይ ገጹ ኦክሳይድ ይሆናል፤ ገጹን የሚጠብቁት ሞለኪውሎችም ይረግፋሉ። ማቀፊያው ፕላስቲክ ራሱም ከጊዜ በኋላ ይደፈርሳል። ለመከላከል አልትራቫዮሌትን የሚመጥጡ ተጨማሪዎች ይቀላቀላሉ፤ ወይም አብሪው ሽፋን በሁለት መስታወቶች መካከል ይታሸጋል። እዚህ ላይ አንድ ቅራኔ ይፈጠራል። ከአልትራቫዮሌት ኃይል ለማግኘት የተሠራ ቁስ ከአልትራቫዮሌት ቢጋረድ የሚያመነጨው ያጣል። ስለዚህ ከፍተኛ የኳንተም ውጤታማነት ያስመዘገበው አራተኛው ቤተሰብ በዕድሜ ጥያቄ ላይ ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

ነባሩ የፓነል ፍተሻም ለዚህ አይበቃም። አይ.ኢ.ሲ. 61215 የተባለው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ፓነሉ በ85 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በ85 በመቶ እርጥበት 1000 ሰዓት እንዲቆይ ያዝዛል፤ ይህ ጠንካራ ፍተሻ ነው። የአልትራቫዮሌት ቅድመ ፍተሻው ግን በአንድ ካሬ ሜትር 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። በአንድ ዓመት 2000 ኪሎ ዋት ሰዓት የፀሐይ ኃይል የሚወርድበት አንድ ካሬ ሜትር ቢወሰድና ከዚህ 5 በመቶው አልትራቫዮሌት ነው ቢባል፣ ዓመታዊው መጠን 100 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። የፍተሻው መጠን በዚህ ስሌት ሁለት ወር እንኳን አይሞላም። ቀጥ ያለ ግድግዳ ከጣሪያ ያነሰ እንደሚቀበል ታሳቢ ቢደረግም ልዩነቱ ሰፊ ነው። መመዘኛው የተሠራው ሴሉ በመስታወት ሥር ለተጠበቀና ብርሃን መምጠጫው ጠንካራ ሲሊኮን ለሆነ ፓነል ነው፤ ሥራው በሞለኪውል ትስስር ላይ ለተመሠረተ መስኮት አልተሰላም።

የዕድሜን ክብደት ለማየት ተራ ማባዛት ይበቃል። 4 በመቶ ብቃት ኖሮት በሦስት ዓመት የሚሞት መስኮት በሕይወት ዘመኑ የሚሰጠው በ12 ቢወከል፣ 1.5 በመቶ ብቃት ኖሮት 25 ዓመት የሚቆየው 37.5 ይሰጣል፤ ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። የመጀመሪያው በዚህ ላይ በዐሥራ አምስተኛው ፎቅ ላይ መስታወት የማውለቅና የመተካት ወጪ ያስከትላል። የሚያመነጨው በዓመት ጥቂት የሆነ መሣሪያ ትርፉ የሚገኘው ከዓመታቱ ብዛት ነው።

በ9 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የተጻፉ የሕንፃ ገጽ ስሌቶች ሳይመረመሩ ወደ ኢትዮጵያ ሊመጡ አይችሉም። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ናት። በመጋቢትና በመስከረም የቀንና የሌሊት እኩልነት ወቅት የቀትር ፀሐይ ከአድማስ 81 ዲግሪ ከፍ ትላለች። ወደ ደቡብ የሚያይ ግድግዳ በዚያ ሰዓት ከቀጥታው ብርሃን የሚያገኘው 16 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስታዘነብል ይህ ወደ 54 በመቶ ያድጋል፤ በሰኔ ደግሞ ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምትሆን የደቡቡ ግድግዳ በቀትር ቀጥታ ብርሃን አያገኝም። በአንጻሩ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ግድግዳ በእኩልነቱ ቀን በፀሐይ ሰዓት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ከቀጥታው ብርሃን 71 በመቶ ያገኛል፤ ምዕራቡም ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ እንዲሁ። ስለዚህ በአዲስ አበባ የአሰባሳቢ ቦታ የምሥራቅና የምዕራብ ገጽ ነው። መጋረጃ የሚበዛውም በእነዚሁ ገጾች ላይ ነው።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። የአልትራቫዮሌት ጨረር በየ1000 ሜትሩ ከፍታ ከ10 እስከ 12 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከ2300 ሜትር በላይ ለተቀመጠች፣ ለምድር ወገብም ለቀረበች ከተማ ይህ ማለት በሆላንድ ወይም በሰሜን ጣሊያን ሜዳ አምስት ዓመት የቆየ ማቅለሚያ እዚህም አምስት ዓመት ይቆያል ተብሎ ሊታመን አይችልም ማለት ነው።

በሆላንድ የተደረገ አንድ ሥራ በዚህ ረገድ ጥሩ አርአያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የአይንድሆቨን ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው ሚካኤል ደቢየና ባልደረቦቻቸው በደን ቦስ ከተማ አጠገብ ባለው አውራ ጎዳና ዳር፣ የመኪና ድምፅ የሚከላከሉ ትላልቅ ግድግዳዎችን ከአሰባሳቢ ሰሌዳ ሠርተው ከቤት ውጭ ተከሉ። የተጠና ነገር ብቃት ብቻ አልነበረም። የደመናና የወቅት ለውጥ፣ የሙቀት ሥርጭት፣ ሌላው ቀርቶ በግድግዳው ላይ የሚሳል የጎዳና ሥዕል የሚያስከትለው ጉዳት ሁሉ ተለክቷል። ጥናቱ ሪከርድ አልሰበረም፤ ሆኖም አንድ ቁስ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ በዝናብና በአቧራ መካከል ሲኖር ምን እንደሚሆን አሳውቋል። የዚህ ዓይነቱ ዕውቀት በደጋማ የምድር ወገብ አየር ንብረት ላይም ያስፈልጋል።

ሁለት ተቃውሞዎች

ለዚህ አቋም ሁለት ተቃውሞዎች ሊቀርቡ ይችላሉ፤ ሁለቱም ክብደት አላቸው።

የመጀመሪያው፣ ብቃቱ ካላደገ ዕድሜውን የሚጠይቅ ገዢ አይኖርምና ብቃት ይቅደም የሚል ነው። ተቃውሞው በከፊል ልክ ነው፤ የ0.1 በመቶ መስኮት መቶ ዓመት ቢቆይም ፈላጊ አያገኝም። ነገር ግን ብቃትን የሚያሳድጉ ቤተ ሙከራዎች በዓለም ላይ በርካታ ናቸው። በናኖ ቅንጣት ውህደት ከእነርሱ ጋር ለመሽቀዳደም የሚነሳ የማስተርስ ተማሪ ኬሚካሉን በውጭ ምንዛሪ አስመጥቶ፣ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ወረፋ ጠብቆ፣ ሁለት ዓመቱን ጨርሶ የሚደርስበት ውጤት ሌሎች ከዓመታት በፊት ያለፉት ይሆናል። ዕድሜን በመለካት ግን የሚቀድመው የለም፤ መሣሪያው ፀሐይ ነውና።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ መሠረታዊ ነው። ኤሌክትሪኳን ከሞላ ጎደል ከውሃ የምታመነጭና ሰፊ ሜዳ ያላት አገር ለመስኮት ኤሌክትሪክ ለምን ትደክማለች? ስሌቱ ይህን ጥያቄ ይደግፋል። 30 ሜትር በ30 ሜትር የሆነ ባለ 20 ፎቅ ሕንፃ ቢታሰብ፣ ጣሪያው 900 ካሬ ሜትር፣ የአራቱ ገጾቹ ስፋት ደግሞ 8400 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ግማሹ ገጽ መስታወት ሆኖ በ1 በመቶ ብቃት ቢሠራ የሚገኘው የ42 ካሬ ሜትር ሙሉ ኃይል ያህል ነው። ከጣሪያው ግማሹ በውሃ ሮቶ፣ በሊፍት ማሽን ክፍልና በአንቴና ተይዞ በቀሪው ላይ የ20 በመቶ ፓነል ቢተከል 90 ይሆናል። የገጹን አቅጣጫ ሳንቆጥር እንኳን ጣሪያው ይበልጣል። ስለዚህ ጣሪያው ባዶ እያለ ስለ መስኮት ኤሌክትሪክ ለባለ ሕንፃ መስበክ ቅንነት አይደለም።

ይህ ስሌት ግን የአሰባሳቢውን ትክክለኛ ቦታ ያሳያል። ሥራው ሕንፃን ማስተዳደር ሳይሆን፣ ብርሃንንና ሙቀትን በልክ እያስገባ በአጠገቡ ላሉ አነስተኛ ፍላጎቶች ኃይል መስጠት ነው፤ ለመጋረጃ ሞተር፣ ለሙቀት ዳሳሽ፣ ቀለሙን ለሚለዋውጥ መስታወት፣ ለአደጋ ጊዜ መውጫ ምልክት። ለእነዚህ ከፍተኛ ብቃት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ግን ሽቦ ሳይጎተትና ሰው ሳይደርስበት ለዓመታት መሥራት ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ በሚገባ ሲመረመር የሚያጠናክረው የዕድሜን ቀዳሚነት ነው።

ምን ይደረግ?

የሚቀርበው ሐሳብ በማንኛውም የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪ ወይም የቁስ ሳይንስ ትምህርት ክፍል አቅም የሚሠራ ነው። ከተመሳሳይ ሰሌዳ 10 ሴንቲ ሜትር በ10 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ናሙናዎች ይቆረጣሉ። አንዱ ምድብ በጨለማ ይቀመጣል። ሁለተኛው በቀጥታ ለፀሐይ፣ ሦስተኛው ከተራ መስታወት በስተጀርባ ሆኖ ወደ ምሥራቅ እያየ ቀጥ ብሎ ይተከላል። በየወሩ የመምጠጥና የልቀት ስፔክትረማቸው ይለካል፤ በጠርዝ ላይ የተለጠፈ አንድ የሲሊኮን ሴል የሚሰጠው ጅረትም ይመዘገባል። የአልትራቫዮሌት መጠን፣ የሰሌዳው ሙቀትና የአየሩ እርጥበት አብረው ይያዛሉ። አንድ በጋና አንድ ክረምት ማለፍ ስላለበት ቢያንስ አንድ ዓመት ይፈጃል፤ ይህም በሁለት ዓመት የማስተርስ ጊዜ ውስጥ ይገባል።

ሥራው በሦስት አየር ንብረት ቢደረግ ዋጋው ይበልጥ ያድጋል። አዲስ አበባ ከፍታና አልትራቫዮሌት፣ ሰመራ ደረቅ ሙቀት፣ ጋምቤላ ደግሞ እርጥበት ያለው ሙቀት አላቸው፤ በሦስቱም ቦታ ዩኒቨርሲቲ አለ። አንድ ዓይነት ናሙና በሦስቱ ቦታዎች ቢሰቀል የመደብዘዙ ምክንያት ጨረር፣ ሙቀት ወይስ እርጥበት መሆኑን ለይቶ ለማወቅ ይረዳል። እንዲህ ያለውን ንጽጽር በአንድ አገር ውስጥ ለማድረግ የሚችሉ ቦታዎች ብዙ አይደሉም።

የአዘጋገብ ልማዱም መስተካከል አለበት። አንድ ተማሪ የብቃት መቶኛ ሲጽፍ የሰሌዳውን ልክ፣ የገጽና የጠርዝ ንጽጽሩን፣ ከጀርባ አንጸባራቂ መኖር አለመኖሩንና የሴሉን ዓይነት በአንድ መስመር ማስቀመጥ ይኖርበታል። ከዚህ ጋር የመጀመሪያው ቀንና የዓመቱ መጨረሻ ልኬት ጎን ለጎን ይግቡ። በአራት ወር የደበዘዘ ናሙናም ውጤት ነው። «አልተሳካም» ተብሎ በመሳቢያ የሚቀር ልኬት ሌላው ተማሪ በዚያው መንገድ ሄዶ ሁለት ዓመቱን እንዲያባክን ያደርጋል። አማካሪዎችና የመመረቂያ ጽሑፍ ገምጋሚዎች ለእንዲህ ያለ ሥራ ሙሉ ዋጋ ካልሰጡ ግን ማንም ተማሪ አይደፍረውም፤ ተማሪ የሚከተለው የሚሸለመውን ነውና።

አንድ እንቅፋት ይቀራል። ሃያ ዓመት የሚቆይን ነገር በሁለት ዓመት የሚመረቅ ሰው ሊለካው አይችልም። ለዚህ መፍትሔው ናሙናው የተማሪው ሳይሆን የትምህርት ክፍሉ ንብረት መሆኑ ነው። በጣሪያ ላይ አንድ የጋራ ማስቀመጫ ይሠራ፤ እያንዳንዱ ናሙና ቁጥርና መዝገብ ይኑረው፤ የሚመረቀው ለሚመጣው ያስረክብ። ተረካቢው የራሱን አዲስ ናሙና ጨምሮ የቀድሞውንም በየወሩ መለካቱን ይቀጥል። የአሥር ዓመት ተከታታይ መዝገብ ያለው ክፍል በገንዘብ ብዛት ሊገዛ የማይችል መረጃ ይኖረዋል።

ማጠቃለያ

የአሰባሳቢ ቁሶች ጥናት በፍልስፍናው ያማረ፣ በሪከርዶቹ የደመቀ፣ በሕንፃ ላይ ግን እምብዛም ያልታየ ዘርፍ ነው። ለዚህ አንዱ ምክንያት ትንሽ ናሙና ላይ የተገኘ መቶኛ በሜትር ስፋትና በዓመታት ርዝመት አለመፈተኑ ነው። በብቃት ረገድ የተወሰነ ከፍታ ላይ የደረሱ ቁሶች ዛሬ አሉ፤ የጎደለው በብርቱ ፀሐይ ሥር ስንት ዓመት እንደሚኖሩ የሚመሰክር መዝገብ ነው። ይህን መዝገብ ለመጀመር የሚያስፈልገው ጥቂት የአክሪሊክ ሰሌዳ፣ አንድ ስፔክትሮሜትር፣ ወደ ምሥራቅ የሚያይ የጣሪያ ጫፍና ከአንዱ የምረቃ ዓመት ወደ ሌላው የሚተላለፍ ደብተር ነው። በመጪው የትምህርት ዘመን ርእስ የሚመርጡ ተማሪዎችና ርእስ የሚያጸድቁ አማካሪዎች ይህን ከምርጫዎቻቸው መካከል ቢያስገቡት፣ የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች ከሚቀጥለው ክረምት በፊት ሊሰቀሉ ይችላሉ።